በአስራ አንድ ሰዓት የወጣችው እህቴ

ታላቅ እህቴ ሃያ ሁለት ዓመት የሆቴል አንሶላ ተኩሳለች። እናታችን ስትሞት እኔን ያሳደገችኝም በዚያው ሥራ ነው። እኔም ከአምስተኛ ክፍል አቋርጬ ከሷ ጋር ገባሁ። እሷ እርጥቡን አንሶላ ወደ ጋለው ማሽን ታስገባለች፣ እኔ በወዲያ በኩል ተቀብዬ አጥፋለሁ።

ልብስ ማጠቢያው ቤት አንድ ልማድ ነበረው። ልክ አስራ አንድ ሰዓት ሲሆን አለቃችን የመውጫውን መዝገብ ያዞራል። ወጥተናል ብለን እንፈርምና የቀረውን አንሶላ እስክንጨርስ እንሠራለን። እትዬ መጻፍ ስለማይሆንላት የሷንም የምፈርመው እኔ ነበርኩ።

«አምስተኛ ክፍል የደረስሽው ለዚህ አይደል? ፈርሚ እንጂ፣ ዶክተሯ!» ትለኛለች። ሴቶቹ ይስቃሉ።

ያን ቀንም ፈረምኩላት። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ማሽኑ ቀኝ እጇን ጎተተው።

ሐኪም ቤት ሦስት ጣቶቿ ተቆረጡ። አለቃችን «ከሥራ ሰዓት ውጭ ነው፣ አያገባንም» ብሎ አሰናበታት። ሴቶቹን መስክሩልን ስንላቸው አቀረቀሩ፤ ሁሉም ፈርመዋላ። ወደ ሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ይዣት ሄድኩ። የፈለገችው አንድ ነገር ነው፤ አንሶላ ቆጥረው የሚያስረክቡበት ክፍል ተዛውራ መሥራት።

የቢሮው ሰው ደግ ነበር። ወንበር ስቦ አስቀመጣት።

«እናቴ፣ የአሠሪውን ሥራ እየሠሩ ከነበረ፣ ሰዓቱ ቢያልፍም በሕጉ የሥራ ላይ ጉዳት ነው። መዝገቡ ግን ወጥተዋል ይላል። ማነው የፈረመው?»

አፌን ልከፍት ስል እትዬ በደህናው እጇ ጉልበቴን ጨበጠችው።

«ሌላ ሰው ከሆነስ?» አለችው።

«መዝገቡ ውድቅ ይሆናል፣ እርስዎ ያሸንፋሉ። የፈረመው ሰው ግን ያለ ማስጠንቀቂያ ሊባረር ይችላል።»

«እኔው ነኝ የፈረምኩት።»

«እትዬ!»

«ዝም በይ አንቺ! ትልቅ ሰው ሲያወራ።»

ሰውየው እኔን አየኝ፤ የታሸገውን እጇን አየ። በዚያ እጅ አስፈርሞ ሊያመሳክር አይችልም። ፋይሉን ዘጋው።

ዝም አልኩ። ሦስት ልጆች አሉኝ። ለነሱ ብዬ ብቻ ነው ብል ግን እዋሻለሁ፤ ፈርቼ ነው።

መንገድ ላይ «ሁለታችንም ቤት ውለን ልንፋጠጥ ኖሯል?» አለችና ሳቀች። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

አሁን ጠዋት ከመውጣቴ በፊት የቀሚሷን ቁልፍ እቆልፍላታለሁ። አስራ አንድ ሰዓት ላይ መዝገቡ ሲመጣ አንድ ፊርማ ብቻ እፈርምና ወደ ማሽኑ እመለሳለሁ። የምቆመው እሷ በነበረችበት በኩል ነው።