ግስ የሌለው ወረቀት

ወንድሜን ጠርጥሬው ነበር። ይህን ሳልጽፍ ሌላውን መጻፍ አልችልም። ከሞተ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ሰው ስለ እሱ ሲጠይቀኝ ጎበዝ ነበር፣ ኮምፒውተር ያውቅ ነበር እላለሁ። መጠርጠሬን ግን አላነሳም። ለእናቴ እንኳ የነገርኳት በጣም ዘግይቼ ነው።

ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ወደ ንፋስ መውጫ ሲመለስ እኔ አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። አንድ መሥሪያ ቤት ተቀጠረ፤ የተበላሸ ኮምፒውተር ይጠግናል፣ ደብዳቤ ያትማል። ከዋናው ክፍል ጀርባ ገብስ የምናስቀምጥባት ጠባብ ክፍል ነበረችን። አባታችን ከሞቱ በኋላ መሬታችንን ሌላ ሰው በእኩል ስለሚያርሰው የሚገባው ገብስ ትንሽ ነው። ክፍሏን ለመነ፣ እናቴም ፈቀደችለት። ከባሕር ዳር ያገለገለ ኮምፒውተር ገዝቶ መጣ። ሽፋኑን አውልቆ ሆዱን ክፍት ተወው። ውስጡ ሦስት ማራገቢያ ይዞራል። ስልኩን ከጎኑ አስቀምጦ ኢንተርኔቱን ከሱ ይወስዳል። ወጣ ሲል በሩን ይቆልፋል፤ ማሽኑ ግን እዚያው ሆኖ ሲያጉረመርም ይውላል።

የመጀመሪያው ጥፋት የቃል ነበር። እናቴ ምን እንደሚሠራ ብትጠይቀው 'ማይኒንግ' የሚለውን የፈረንጅ ቃል እንዳለ ወደ አማርኛ መለሰና፣

"ማዕድን አወጣለሁ" አላት።

"የት?"

"እዚሁ ቤት ውስጥ።"

በደላንታ በኩል ወጣቶች ኦፓል ፍለጋ ገደሉን እየቦረቦሩ እንደሚገቡ፣ አንዳንዱም ተንዶበት እዚያው እንደሚቀር እኛ አገር ያልሰማ የለም። እናቴ ማዕድን ሲባል የምታውቀው ያንን ነው። ኮምፒውተሩ ያሰላል ቢላት ኖሮ ምንም ባልመጣ ነበር። ማዕድን አላት። እሷም ለጎረቤታችን ነገረቻት። ጎረቤታችን ደግሞ ጠላ ሻጭ ናት።

"አንተ፣ ወንድምህ ስንት ክንድ ደረሰ?" ትለኛለች በበሯ ሳልፍ። ከሷ ጋር አንድ ቆጣሪ እንጋራ ስለነበር ማሽኑ ሲነሣ የሷ አምፖል ይፈዛል።

"ምኑ?"

"ጉድጓዱ ነዋ! በኔ ጓዳ በኩል እንዳይወጣ ንገረው። ከወጣም የጠላ ጋኔን እንዳይሰብርብኝ።"

ጠጪዎቹ ይስቃሉ። አንድ ቀን አንዱ ሽማግሌ አልሳቁም። ዋንጫቸውን አስቀምጠው፣ "አፈሩን የት ነው የሚደፋው?" አሉ።

ይህች ጥያቄ አብራኝ ቤት ገባች። በማግስቱ ጫማውን ገልብጬ አየሁ። እጁን ሲታጠብ ጥፍሩን አየሁ። አንድ እሑድ ቁልፉን ረስቶ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ገባሁና ምንጣፉን ገለጥኩ። እናቴ በእበት የለቀለቀችው ወለል እንዳለ ነው፤ ስንጥቅ እንኳ የለውም። ይህ ደስ ሊያሰኘኝ ይገባ ነበር። አላሰኘኝም። ካልቆፈረ ከየት ነው የሚያወጣው?

ጠየቅሁት። ደስ ብሎት ነው ያስረዳኝ፤ እስከዚያ ድረስ ማንም ጠይቆት አያውቅም ነበር። በዓለም ላይ የተበተኑ ብዙ ኮምፒውተሮች አንድ የገንዘብ መዝገብ ይጠብቃሉ አለኝ። የሱም ማሽን ቁጥር እየገመተች ትሞክራለች፤ ሲገጥምላት ከዚያ ገንዘብ ጥቂት ፍርፋሪ ይደርሳታል። በእጅ የሚያዝ ገንዘብ አይደለም።

"ማነው የሚሰጥህ?"

"ማንም።"

"ማንም ካልሰጠህ እንዴት ይደርስሃል?"

"እሱ ነው እኮ ደስ የሚለው! ሰጪ የለውም።"

ፊቱ በርቶ ነበር። እኔ ግን ፈራሁ። ሰጪው የማይታይ ነገር በእኛ ዘንድ አንድ ብቻ ነው፤ የጠንቋይ ሀብት። ትምህርታቸውን ጥለው ሥር መማስና አስማት መድገም የጀመሩ ሰዎች ወሬ ሰምቼ አድጌያለሁ። እነሱም በር ይዘጋሉ፣ እነሱም ብቻቸውን ናቸው፣ የእነሱንም ሰጪ ማንም አያየውም። ከዚያን ቀን ወዲህ አልጠየቅሁትም። አየው ነበር እንጂ። እሱ ደግሞ የገባኝ መስሎት ማሽኑን ሲያስነሣ ጠቀስ ያደርገኛል።

እናቴ የኔን ያህል የፈራች አትመስልም ነበር። ክፍሏ እንደ ፀሐይ ስለምትሞቅ ብቅሏን በር ላይ ታሰጣለች። "ለዚህስ ሆነሃል" ትለዋለች። ይስቃሉ።

ወረቀቱን ያገኘሁት በክረምት ነው። የአባታችን ዳዊት ከግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ነበር፤ ከእሳቸው በኋላ የሚደግመው አልነበረም። አቧራውን ልጠርግ አውርጄ ከማኅደሩ ሳወጣው አንድ ወረቀት ወደቀ። የወንድሜ ጽሕፈት ነው። በፈረንጅ ፊደል አሥራ ሁለት ቃል፣ ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት በቁጥር፣ አንዱ ከአንዱ በታች። መዝገበ ቃላት አምጥቼ ፈታሁት። ቅርጫት። ወንዝ። አጎት። መስታወት። ጨው። ክረምት። እንዲህ እያለ ይወርዳል። ምንም አይናገርም። ወደ ቦታው መለስኩት።

በዚያው ወር ወንድሜ ታመመ። ፊቱ አበጠ፣ ምግብ አልወርድ አለው። ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት ኩላሊት ነው አሉት፤ ተኛ። እናቴ እሱን እያስታመመች ሳለ ወንድሟን ከስማዳ አስጠራች። ከወገዳ ወዲያ ባለ ደብር ቅኔ የሚያስተምሩ ናቸው። አጎታችን ቢሆኑም እንደ ተማሪዎቻቸው የኔታ ነው የምንላቸው። ሊጸልዩ ቤታችን ገቡና ማሽኑን ሰሙት።

"ምንድነው የሚያጉረመርመው?" አሉኝ።

ያን ጊዜ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ጉድጓዱን፣ ሰጪ የለውም ያለኝን፣ ወረቀቱን። አውጥቼ በእጃቸው ሰጠኋቸው። ማንም አላስገደደኝም።

ፊደሉን ስለማያውቁት መልሰው ሰጡኝና "እየፈታህ አንብብልኝ" አሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። አጎት ያለው ላይ ስደርስ ገለጡት።

"አጎት ይላል? እኔን ነው?"

"እኔንጃ የኔታ።"

"ቀጥል።"

ክረምት የሚለው ላይ ራሳቸውን ነቀነቁ። ወሩ ክረምት ነው፤ ልጁ ተኝቷል። አሥራ ሁለቱንም ጨረስኩ። እንደገና አስነበቡኝ። ሰሙን ከወርቁ ሊለዩ እንደሚሞክሩ ያስታውቃል፤ ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ይንቀሳቀሳል። በመጨረሻ፣

"ግስ የለውም" አሉ።

"አቤት?"

"ግስ የለውም ልጄ። ማሰሪያ የሌለው ነገር ጸሎት አይሆን፣ ቅኔ አይሆን፣ ደብዳቤ አይሆን። ስም ብቻ ደርድሮ የሚጠራ አስማት ነው። እሱንም በዳዊት መሐል!"

ወረቀቱን ከእጄ ወስደው ምድጃው ውስጥ አኖሩት። ቶሎ አልተቀጣጠለም፤ በመቋሚያቸው ገፋ አደረጉት። ከዚያ ወንድሜ ትቶት በሄደው ቁልፍ ከፍቼ ገባሁና ሶኬቱን ነቀልኩ። ማራገቢያዎቹ ቀስ እያሉ ቆሙ። እናቴ ከደብረ ታቦር ስትመለስ የኔታ ነገሯት። እጃቸውን ሳመች። እኔንም ሳመችኝ።

ወንድሜ ከሐኪም ቤት ሲወጣ ለመዳን አልነበረም። ቀን ቀን ጀንዲ አንጥፈንለት ግድግዳ ተደግፎ ፀሐይ ይሞቃል። ማሽኑ መቆሙን አየ። በሦስተኛው ቀን "የአባባን ዳዊት አምጣልኝ" አለኝ። እናቴ ሰምታ ፊቷ ፈካ፤ ሊጸልይ መስሏት ውኃ ልትቀዳ ወጣች። አመጣሁለት። ገጾቹን አንድ በአንድ ገለጠ። ማኅደሩን አራገፈ።

"እዚህ ውስጥ አንድ ወረቀት ነበረ።"

"አላየሁም" አልኩ።

አየኝ። እንዲህ አድርጎ አይቶኝ አያውቅም። ምናልባት እኔ እሱን ሳየው የነበረው እንደዚያ ይሆናል። ብዙ አልቻልኩም፤ ነገርኩት። እስከ ምድጃው ድረስ።

"የኔታ ምን አሉ?"

"ግስ የለውም አሉ።"

ሆዱን ይዞ ሳቀ። እስኪያመው ሳቀ። "እውነታቸውን ነው። የለውም።"

"ምን ነበር?"

"ቁልፍ። ማሽኗ የለቀመችውን የሚከፍት። ቃሎቹን የሚመርጠው ራሱ ኮምፒውተሩ ነው፣ እንደ ዕጣ።"

"ብዙ ነበር?"

"ምን ብዙ! መጫወቻ ነበር። አንዳንዱ ኳስ ይወዳል፣ እኔ ይህን ወደድኩ።"

"ለምን ዳዊት ውስጥ ከተትከው?"

"የማይሰረቅ ቦታ ፈልጌ ነዋ። ሌባ ዳዊት ይገልጣል ብዬ መች አሰብኩ?" አለና ትከሻዬን ገፋ አደረገኝ። እጁ ኃይል አልነበረውም። ከዚያ ሳቁ ጠፋ። "ፈርተኸኝ ነበር?"

ዳዊቱን ወደ ማኅደሩ መለስኩ። እሱም ደግሞ አልጠየቀኝም። ፀሐዩ ዞሮ እግሩን ጥላ ነካው። ጀንዲውን ስስብለት፣ "ለእማማ ንገራት" አለኝ። "እኔ ስነግራት ማዕድን ብዬ አበላሸሁት። አንተ ንገራት። ጠንቋይ ወለድኩ ብላ እንዳትቀር።"

እሺ አልኩት። ሳምንት ሳይሞላው ሞተ።

አልነገርኳትም። የኔታ መጥተው ፍትሐት አደረሱለት፤ ለቅሶ ላይ ሰው በጆሮ ያወራ ነበር። እናቴ ግን "ተቃጥሎለታል፣ በንጽሕና ነው የሄደ" እያለች ትጽናና ነበር። ያን ማጽናኛ እንዴት ልንጠቅባት? እንዲህ እያልኩ ራሴን አታለልኩ። እውነቱ ግን ወንድሜን ጠርጥሬ ወረቀቱን መስጠቴን ከኔ አፍ እንዳትሰማ ነው። ዓርባው አለፈ፣ ዓመቱ አለፈ። ጎረቤታችን "ነፍሱን ይማረው፣ ከመሞቱ በፊት መተዉ ጥሩ ነው" ስትላት እናቴ አሜን ትላለች። አሜን ባለች ቁጥር የሰጠሁት እሺ ይከነክነኛል።

ባለፈው የካቲት ምስር እየለቀመች አጠገቧ ተቀመጥኩ። ነገርኳት። ኮምፒውተሩን፣ ዕጣውን፣ ቁልፉን። እንደ እሱ አድርጌ አላስረዳሁም፤ እየተደነቃቀፍኩ ነው። ቀና አላለችም።

"እሱ ነው እንዲህ በል ያለህ?"

"አዎ እማማ።"

"መቼ?"

"ፀሐይ ሲሞቅ። አንቺ ውኃ ልትቀጂ የወጣሽ ቀን።"

ሁለት ጠጠር ለቅማ ጣለች።

"ለየኔታ ወረቀቱን አንተ ለምን ሰጠሃቸው?"

"ፈርቼ።"

"እሱን?"

"እሱን።"

ትቆጣለች ብዬ ነበር። ሰፌዱን ወደ ፀሐዩ አዘነበለችው፤ እንደሚለቅም ሰው ጎነበሰች እንጂ አትለቅምም ነበር።

"እኔም በሩ ላይ ጠበል እረጭ ነበር" አለች። "ሥራ ሊሄድ ሲነሣ ደፉ እርጥብ ነው። ዝናብ ገባ እያለ በጨርቅ ይወለውለው ነበር። በበጋም።"

ከሰፌዱ አንድ ጠጠር ለቀምኩላት።

"በበጋም እኮ ነው" አለች ደግማ። "ያውቅ ኖሯል?"

አላውቅም አልኳት።