አባቴ ለሾፌሩ የተናገረው

ትናንት ጠዋት እህቴን በቃሬዛ ተሸክመን ወደ ጥሊሊ አስፋልት እየወጣን ነው... ምጥ ላይ አድራ ድምጿ ጠፍቷል። አምቡላንስ እንዳንጠራ ኔትወርክ የለም። ተስፋችን ወደ እንጅባራ የሚሄድ መኪና ብቻ ነበር።

አባቴ ገበሬ ነው፤ ግን ልብ ወለድ ነፍሱ ነው። ዳንግላ ከማስተምርበት የወንጀልም የሐዘንም መጽሐፍ እወስድለታለሁ። አንብቦ ሲጨርስ ይጨቃጨቀኛል። «ደግ ሰው ስለጨነቀው ብቻ እንዲህ አውሬ አይሆንም! ደራሲው ቸኩሏል» ይላል። ዶሮ ሲታረድ እንኳ ፊቱን የሚያዞር ሰው ነው።

ዳገቱ ላይ ሌላ ቃሬዛ ተቀላቀለን። ላዩ ላይ ያለችውም ሴት ምጥ ይዟታል። እኛ አገር ቃሬዛ አይቶ ትከሻውን የሚነፍግ የለም፤ ባሏ ግን አባቴ ሲያለከልክ ቢያየው የሚስቱን ለጎረቤቶቹ ትቶ የእኛን ተቀበለ። «እርስዎ ይረፉ አባባ፣ እኔ አለሁ» አለው።

አስፋልቱ ላይ መኪና የለም። ሌሎቹ ወንዶች ሁሉ መኪና ፍለጋ ወደ ከተማ ሮጡ፤ እኔና አባቴ ቀረን። ባልየው ከመሮጡ በፊት ሚስቱን ከብርዱ በጋቢ ሸፈናት።

«አባባ፣ አደራ... እስክመለስ ይዩልኝ።»

ብዙም ሳይቆይ ከማሳ ድንች የጫነች ፒካፕ ወጣች። ሾፌሩ ወርዶ ሁለቱን ሴቶች አየ።

«ቦታ ያለኝ ለአንድ ቃሬዛ ነው። የትኛዋ ትብሳለች?»

አባቴ እህቴን አያት። ከዚያ ወደ ጋቢው ጠቆመ።

«እሷማ አርፋለች ልጄ። ሰዎቿ እየመጡ ነው።»

ጋቢው በትንፋሿ ከፍ ዝቅ ሲል አያለሁ... የእህቴን ቃሬዛ ጫፍ ያዝኩ። ሾፌሩ አማተበ። እህቴን ጫንናት፤ ያችን ሴት መንገድ ዳር ብቻዋን ትተናት ሄድን።

ተማሪዎቼን «ገጸ ባሕርይ ሲለወጥ ምልክት ያሳያል» እያልኩ ነው የማስተምረው። መንገዱን ሙሉ የአባቴን ፊት ሳይ ነበር። ምንም ምልክት የለውም። ድምፁም ያው የማውቀው ለስላሳ ድምፅ ነበር። ይሄ ነው ያስፈራኝ።

እህቴ በኦፕራሲዮን ተገላገለች፤ ልጇም ደህና ነው። አባቴ ግን የልጅ ልጁን እስካሁን አላየም። ሆስፒታሉ በር ላይ ቆሞ በመኪና የሚመጣውን በሽተኛ ሁሉ እየተጠጋ ያያል። «ይግቡ እንጂ አባባ» ስለው «ገና አልመጣችም» ይለኛል።

ጥሊሊ አካባቢ ያላችሁ፣ እባካችሁ... ያቺ ሴት በሕይወት እንዳለች የሰማ ካለ ይጻፍልኝ። ክፉ ከሆነ ግን አትጻፉልኝ።