የታሰረው ሥርና የበጣሁት ክንድ

መጀመሪያ የታወቀኝ ገብስ ለማጨድ ጎንበስ ስል ነው። ትንፋሼ አጠረ፤ ፊቴ ደም ለበሰ። ለካ እንቅርቴ ከአንገቴ ወርዶ ከደረቴ አጥንት ኋላ ገብቶ ኖሯል። ዘመኑ የጃንሆይ ነበር። ከአገሬ ከታች ጋይንት እስከ ደብረ ታቦር በእግሬ፣ ከዚያ በመኪና አዲስ አበባ ደረስኩ።

እዚያ ሐኪሞች ደረቴን ከፍተው እንቅርቱን አወጡት። ስነቃ ግራ ክንዴ አብጧል። ሐኪሙ እንዲህ አለኝ፦

«ከግራ ክንድዎ ደም ወደ ልብ የሚመልሰው ትልቁ ሥር ተቀደደብን። ደምዎ ፈሶ እንዳያልቅ አሰርነው። ደሙ በትንንሾቹ ሥሮች ዞሮ ይመለሳል፤ ግን ወራት ይፈልጋል። ክንድዎን በትራስ ከፍ ያድርጉ። ስለት እንዳይነካው።»

እኔ ፊደልን ያለ መምህር የለየሁ፣ በአርብ ገበያ ዙሪያ በዋግምት ደም በማውጣት የሚስተካከለኝ ያልነበረ ሰው ነኝ። ይህን ዛሬም አልደብቅም። አገሬ ገብቼ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ እብጠቱ አልጎድል ቢለኝ፣ «ሐኪሙ ያልጨረሰውን እኔ እጨርሰዋለሁ» ብዬ በገበያ ፎከርኩ። ክንዴን ሦስት ቦታ በጣሁ። ደም የምስብበትን የዋግምት ቀንድ ደፋሁበት። መጠጥኩ።

ደም ወጣ። እብጠቱ አልጎደለም። በሦስተኛው ቀን ክንዴ ቀላ። ነደደ። መግል ያዘ።

ባለቤቴ ይመኙሽ አየችኝና፣ «ደሙ መንገድ ሲፈልግ አንተ ገደል ቆፈርክለት! እንግዲህ በክንድህ ፈንታ እርፉን በጥርስህ ጨብጥ» አለች። ይህን እያለች ታለቅስ ነበር። ጎረቤት ጠርታ በቃሬዛ ደብረ ታቦር አስወሰደችኝ።

እዚያ ያየኝ ወጣት ሐኪም «ምን ነካዎት?» አለኝ።

«እሾህ።»

ሦስቱን ቁስል ተመለከተ። «ጋሼ፣ የእናንተ አገር እሾህ በተርታ ነው የሚወጋው?»

ክንዴን በጋቢዬ ሸፈንኩ።

«እውነቱን ካልነገሩኝ ይህ ክንድ ሊቆረጥ ይችላል።»

«ዋግምት ነው» አልኩ። «በገዛ እጄ።»

መግሉን አፈሰሰው፤ ፔኒሲሊን ወጋኝ። ትኩሳቱ ከለቀቀኝ በኋላ ክንዴን በትራስ ላይ አሳርፌ ክረምቱን ሙሉ ስቆይ፣ እብጠቱ ቀስ በቀስ ጎደለ፤ በትከሻዬና በደረቴ ላይም ድሮ ያልነበሩ ሰማያዊ ሥሮች እንደ ማሳ ውሃ መውረጃ ፈሰስ ተዘረጉ። ፈሰስ ሲደፈን ውሃ በጎን መንገድ እንደሚያበጅ ከልጅነቴ የማውቅ ገበሬ፣ የገዛ ደሜን ማመን አቅቶኝ ነበር።

ሥሬን ያሰረውን፣ መግሌን ያፈሰሰውንና ይመኙሽን እግዚአብሔር ያክብርልኝ። እንደኔ የደም ሥር የታሰረባችሁ ሁሉ፣ ክንዳችሁን ከፍ አድርጉና ታገሡ። ቢብስባችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ፤ ያደረጋችሁትንም አትደብቁት።

ከዚያ መግል የተነሣ ሁለት የግራ እጄ ጣቶች እስከ ዛሬ አይታጠፉም። ምን ሆነው እንደሆነ ሰው ሲጠይቀኝ ለዓመታት «እሾህ ነው» እል ነበር።

እሾህ አልነበረም።