የሔዋን እኩያ

ውድነሽ ልጇን ታቅፋ ከሚዛን መናኸሪያ የቴፒ ሚኒባስ ውስጥ ስትገባ፣ የጓደኛዋ የሳባ ልጅ ሔዋን ከተቀበረች ሳምንት ሊሞላት ነበር። ቴፒ ላይ የሚያውቃቸው ሰው ሁሉ ሰምቷል፤ ለቅሶም ደርሷል። ያልሰማችው ውድነሽ ብቻ ናት። እንዴት ሳትሰማ ቀረች ካላችሁ፣ ጥፋቱ የሁላችንም ነው። ከእኛ ውስጥ መርዶ በስልክ የሚናገር ማን አለ? ሰው ሞቶ እያለ «ትንሽ አሞት ነው» ማለት የቆየ ልማዳችን ነው፤ ስልክ ኪሳችን ከገባ ወዲህ ደግሞ ጭራሽ ብሶብናል።

በዋዜማው ለሳባ ስትደውል ስልኩን ያነሳው ባሏ ሕዝቅያስ ነበር። «ሳባ ትንሽ አሟታል፣ ጋደም ብላለች» አላት። «በል ነገ እመጣለሁ» አለችው። ሕዝቅያስም «እግዜር ያክብርሽ፣ ውድዬ» አለ። እሱ ሰምታ ለለቅሶ የምትመጣ መስሎታል። እሷ ደግሞ ድምፁ የሻከረው ሌሊቱን ሕፃን ሲያባብል አድሮ መስሏት ስቃበት ዘጋችው።

ሦስቱም ሚዛን ኮሌጅ ሲማሩ የተዋወቁ ናቸው። ውድነሽና ሳባ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተው፣ አንድ ፍራሽ ላይ ራስና እግር ሆነው እየተኙ ነው ትምህርታቸውን የጨረሱት። ሕዝቅያስ «ውሃ ልቅዳላችሁ» እያለ ደጃቸውን ሲያዘወትር ከርሞ፣ በመጨረሻ ጀሪካኑን ትቶ ሳባን ይዞ ቴፒ ገባ። ውድነሽ እዚያው ሚዛን ቀረች፤ የስፌት መኪናዋን በረንዳ ላይ አውጥታ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ባሏ አለሙ ማሻ ከተማ አስተማሪ ነው፣ በወር አንዴ ይመጣል። ሁለቱም ሴቶች ልጅ ዘግይቶባቸው፣ ስንቱን ጸበል አብረው ከዞሩ በኋላ፣ በአንድ ዓመት አረገዙ፤ በአንድ ወር ወለዱ። ሔዋን ትንሽ ቀደመች፣ የውድነሽ ልጅ ልዩ ተከተለች። ግን አንዴ መንገዱ ይዘጋል፣ አንዴ አንዷ ትታመማለች፣ እንዲህ እንዲህ ሲባል ልጆቹ ስምንተኛ ወራቸውን እስኪይዙ ድረስ ሳይተያዩ ቀሩ። ውድነሽ ያን ቀን ስፌቷን ሁሉ አስቀምጣ የተነሳችው ለዚህ ነው፦ ሁለቱን ልጆች ጎን ለጎን አስቀምጣ ልታይ።

ልዩ ወፍራም ናት፤ ክፉ ዓይን አይያትና ጉንጯ ለሁለት ይበቃል። የያዘችውን ሁሉ አፏ ካልከተተች አትረጋም። አጠገባቸው የተቀመጡትን የወይዘሮ አሰጋሽን የነጠላ ጥለት ገና ከተማው ሳያልቅ ማላመጥ ጀመረች። እናቲቱ ይቅርታ ስትጠይቅ «ተያት፣ ምን ቸገረኝ» አሉ ወይዘሮ አሰጋሽ። የሃምሳ ዓመት ሴት ናቸው፣ ሚዛን ዘመድ ጠይቀው ወደ ቴፒ እየተመለሱ ነው። «ቴፒ የማን ዘመድ ነሽ?» አሏት ቀጥለው።

ውድነሽ ደግሞ ይህን የሚጠይቃት ሰው አጥታ ነው እንጂ አፏ መቼ ያርፋል። «ጓደኞቼ ጋ ነው የምሄደው፣ እትዬ። ሕዝቅያስን ያውቁታል? እርሻ ቢሮ የሚሠራው። ሚስቱ ሳባ እህቴ ማለት ናት። የእነሱም ልጅ፣ ሔዋን፣ የዚችው እኩያ ናት። ሁለቱን ላስተዋውቅ ነው። እንግዲህ ፀጉር ይናጩ፣ ይፋቀሩ፣ አይታወቅም።»

ወይዘሮ አሰጋሽ ከሳባ ጋር በአጥር ነው የሚዋሰኑት። ሔዋንን የገነዟት በገዛ እጃቸው ነው። ነጠላቸውን ከልዩ አፍ ቀስ አድርገው አላቀቁና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ፣ ወደ ጫካው መለሱ። ውድነሽ አላስተዋለችም። ስለ ሳባ አሳሳቅ፣ ስለ ሳባ ምጥ፣ ሳባ ሔዋንን ስትወልድ ሕዝቅያስ እንዴት ደጅ ላይ ተዝለፍልፎ እንደወደቀ ታወራለች። ሴትዮዋ «እህ» ብቻ እያሉ ሄዱ።

ሸኮ ላይ ሚኒባሱ ሰው ለማውረድ ሲቆም፣ ወይዘሮ አሰጋሽ «ነይማ አንዴ» ብለው ሙዝ ከሚሸጥበት ዳስ ጥላ ሥር ወሰዷት። መጀመሪያ ልጅቷን ከእጇ ተቀበሏት። መርዶ ነጋሪ እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ ሰውዬው ሲወድቅ የያዘውን ይዞ እንዳይወድቅ።

«የኔ ልጅ» አሉ፣ «ሳታውቂ ደጃቸው ላይ ከምትደርሺ ከእኔ ብትሰሚው ይሻላል። ሔዋን አርፋለች። ወባ ናት። ቶሎ ነው የወሰደቻት።»

ውድነሽ አልጮኸችም። የሙዝ ልጣጭ በተጣለበት መሬት ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ እጇን ዘርግታ ልጇን ተቀበለች፤ ጭምቅ አድርጋ አቀፈቻትና፣ ዕንባዋ ገና ሳይወርድ በልቧ «ተመስገን» አለች። ወዲያው ራሷን ጠላች። እህቴ የምትላት ሴት ልጇን ቀብራ፣ እሷ ተመስገን ትላለች። ግን ምን ታድርግ፣ ቃሉ ቀደማት።

«እትዬ፣ እንዴት አድርጌ ነው ይቺን ይዤ የምገባው?»

«እኔ እንጃ፣ ልጄ። አንቺ ስታወሪ እኔ እሱን ነው ሳስብ የመጣሁት።»

መመለስ አማራት። ግን ለሳባ ለቅሶ ሳትደርስ ልትቀር ነው? እናቷ የሞቱ ጊዜ ሳባ እስከ አርባው ድረስ ከጎኗ ንቅንቅ አላለችም። ልጅቷን ትታ እንዳትመጣ፣ ሚዛንም የሚይዝላት ሰው የላትም፤ ልዩ እንደሆነች ከጡት በቀር እሺ ብላ የምትቀበለው ነገር የለም። ይዛት እንዳትገባ፣ የሞተችውን ልጅ እኩያ እናቷ ፊት ማስቀመጥ ነው። መላው ጠፋት። በመጨረሻ ወይዘሮ አሰጋሽ «እኔ ቤት እይዝልሻለሁ፤ አንቺ ገብተሽ አልቅሰሽ ውጪ» አሏት። የማይሆን ነገር እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ፤ የተሻለ ግን አልመጣላቸውም።

ከሸኮ እስከ ቴፒ ውድነሽ ስታጠባ ሄደች፤ ጠግባ ትተኛልኝ ብላ። ልዩ ያን ቀን እንቅልፍ የሚባል ነገር አልነበራትም። ቴፒ ሲደርሱ በየደጁ ቡና ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል፣ ሙቀቱ በላብ ያጠምቃል። ወይዘሮ አሰጋሽ ግቢ ውስጥ ልጇን ስታስረክብ፣ ልዩ እናቷ የምትጫወት መስሏት ሳቀች። ውድነሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ዞር ሳትል ወጣች።

ለሕፃን ነውና ድንኳን አልተጣለም። በረንዳው ላይ የእድር አግዳሚ ተደርድሯል፤ ውስጥ ጎረቤት ሴቶች ተቀምጠዋል። «ሳቢዬ» እያለች ስትገባ ሳባ ከፍራሹ ተነስታ አቀፈቻት። አላለቀሰችም። ደረቷ ወተቱ እንዲደርቅ በመቀነት ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል፤ ውድነሽ ስታቅፋት እንጨት ያቀፈች መሰላት። ሴቶቹ የተለመደውን ይላሉ፦ «ገና ልጅ ነሽ፣ ምትክ ይሰጥሻል።» ውድነሽ ይህን ስትሰማ ተናደደች። እሷም ግን የተሻለ ቃል አላገኘች፤ የሳባን እጅ ይዛ ታለቅሳለች።

ከዚያ ከአጥሩ ማዶ ልዩ ጀመረች።

ውድነሽ የልጇን ለቅሶ ታውቀዋለች። መጀመሪያ ቁጣ ነው። ቀጥሎ ፍለጋ ይሆናል፤ ታለቅስና ዝም ብላ ታዳምጣለች፣ መልስ ስታጣ እንደገና ትጀምራለች። ሴቶቹ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። አንዷ ስለ ዝናቡ አነሳች፣ ሌላዋ ዝናቡ ቡናውን እንዴት እንዳበላሸው ቀጠለች። ሕዝቅያስ በሩ ላይ ቆሞ ውድነሽን አያት፤ ወደ አጥሩ አየ፤ ከዚያ አንገቱን ደፋ። ብትነሳ ሳባ ታውቃለች። ባትነሳ ልጇ ድምፅዋ እስኪዘጋ ትጮሃለች። ጡቷ ግን ማንንም ሳያማክር መፍሰስ ጀመረ። ነጠላዋን ስባ ብትሸፍነው ነጠላውንም አራሰው።

«ውድዬ» አለች ሳባ። «ረጥበሻል።»

ስለ ዝናቡ የምታወራዋ ሴት አቋረጠች። የልጅቷ ለቅሶ ብቻውን ቀረ።

«ልዩ ናት?»

ውድነሽ አይደለችም ልትል ነበር። ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

«ታዲያ እንዲህ እስክትሆን ምን ያስቀምጥሻል? ሂጂ አምጫት።»

«እዚያው አጥብቻት ልምጣ፣ ሳቢዬ። አንቺ ፊት አላደርገውም።»

«እዚሁ አምጫት አልኩሽ። አላያትም፣ ወደ ግድግዳው ዞሬ እተኛለሁ። ስትውጥ ልስማት ብቻ።»

ይህ እንዴት እምቢ ይባላል? እንዴትስ እሺ ይባላል? ውድነሽ ሄዳ አመጣቻት። ስትመለስ ሴቶቹ ወደ በረንዳው ወጥተዋል፤ ሳባ ፍራሹ ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ተጋድማለች። ውድነሽ ከጀርባዋ ተቀምጣ ጡቷን አወጣች። ልዩ ከለቅሶዋ ብዛት ሳግ እያቋረጣት፣ እንደተራበ ልጅ ስትስብ ስትውጥ ቤቱ በሙሉ ይሰማል። ውድነሽ አይዞሽ ልትል አሰበችና አፈረች። ሳባ አልተነቃነቀችም፤ ልጅቷ በዋጠች ቁጥር ግን ትከሻዋ ትንሽ ከፍ ይላል።

ልዩ ጠገበች። ጡቱን ለቀቀችና ዞር ዞር ብላ ቤቱን አየች። ከፊቷ የተኛውን ሰው ስታይ ደስ አላት፤ የራሷን ቋንቋ እያወራች፣ የሳባን ሹሩባ ልትይዝ ሁለት እጇን ዘርግታ ከእናቷ ጭን ተወረወረች። ልትደርስበት ጥቂት ነበር የቀራት።

«ያዣት፣ ውድዬ» አለች ሳባ ሳትዞር። «ከነካችኝ አልመልስልሽም።»

ውድነሽ የልጇን ቀሚስ ከኋላ በሁለት እጇ ያዘች።