ቁም ሳጥን ውስጥ የተቆለፈው ማሽን

ጅቡቲ በሠራሁበት የጭነት አስተላላፊ ቢሮ አለቃዬ የነበረው ሰው በር ከመዝጋት ሌላ ሙያ አልነበረውም። እኛ በላብ ተጠምቀን ስንሠራ እሱ ኤርኮንዲሽነሩን ከፍቶ፣ በሩን ዘግቶ ይቀመጣል። የኮንቴይነር ሰነድ የሚዘጋጅበት ፕሮግራም የተጫነው ደግሞ እሱ ጠረጴዛ ላይ ባለው፣ ሊኑክስ በሚባል ሥርዓት በሚሠራ ኮምፒውተር ነበር። እሱ ፕሮግራሙን ከፍቶት አያውቅም። እኔ ልሠራበት ስገባ ግን የስልክ ወሬውን እስኪጨርስ ያስቆመኛል።

በመጨረሻ አዲስ አበባ ያለው የዋናው መሥሪያ ቤት ቴክኒሻን መላ ሰጠኝ። የእኔም ኮምፒውተር ሊኑክስ ስለሆነ በኔትወርክ ወደ አለቃዬ ማሽን የምገባበት መለያ ከፈተልኝ፤ መግቢያው ትእዛዝ ላይ አንዲት ፊደል ጨምሪ አለኝ። ጨመርኩ። ፕሮግራሙ እዚያ እየሠራ መስኮቱ እኔ ስክሪን ላይ ተከፈተ። ደስ ብሎኝ ለአለቃዬ ሳስረዳው ፊቱ ጠቆረ።

«ታዲያ እኔ ምን ልሠራ ነው?» አለ።

መልሱን ሁላችንም እናውቀው ነበር።

ከዚያ በኋላ ቀትር ላይ ጫት ከተማው ሲገባ ማሽኑን አጥፍቶ፣ ክፍሉን ቆልፎ መሄድ ጀመረ። ማሽንም እረፍት ያስፈልገዋል ይላል። እሱ ሲያጠፋው እኔ ጋ መስኮቱ ከነሥራዬ ድርግም ይላል።

አንድ ቀን አባቱ የሞተበት ሾፌር አገር ቤት ለቀብር ለመድረስ፣ ያለ እሱ ከወደብ የማይወጣበትን የጭነት ሰነድ ሲጠብቅ ይኸው ሆነ። ቁልፉን ልለምን ካርቲየ ሰባት የሚባለው ሰፈር፣ አለቃዬ ወደሚቅምበት ቤት ሄድኩ። ነገሩን ነገርኩት። ከትራሱ ቀና እንኳን አላለም።

«ለቅሶ እንደሆነ ነገም ይደረሳል» አለና ቅጠሉን መምረጥ ቀጠለ።

ሾፌሩ የወጣው በማግስቱ ነው። ቀብሩ አለፈው። ያን ቀን ባዶ እጄን ስመለስ ሾፌሩ ተቀየመኝ እንጂ አልተቆጣኝም፤ እኔ ግን ተቃጠልኩ። የሆነውን ሁሉ ለዋናው መሥሪያ ቤት ተናገርኩ። ማሽኑ እንዳይጠፋ ትእዛዝ መጣ።

አለቃዬ ተዋረድኩ ብሎ ማሽኑን እንደበራ፣ ከነመብራትና ኔትወርክ ገመዱ ክፍሉ ውስጥ ባለ የብረት ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈው። «አሁን ማን እንደሚነካው አያለሁ» አለ። ገመዱ እስካልተነቀለ ድረስ ለእኔ ከዚህ የተሻለ ቦታ አልነበረም። እስክለቅ ድረስ ያለ አንድ መቋረጥ ሠራሁበት። እሱ ለእንግዳ ሁሉ ቁም ሳጥኑን መታ መታ እያደረገ፣ «ከእኔ ፈቃድ ውጪ አንዲት ወረቀት አትወጣም» ይል ነበር። አንድም ቀን አላረምኩትም። ላርመው እንኳ እስካልፈልግ ድረስ ንቄው ነበር።