ውሃ ያልነካው ጥርስ

ልጅ እያለሁ ጥርሴ የእኔ ብቻ ጉዳይ አልነበረም። ዛሬም መንገድ ዳር የወይራ መፋቂያ ሲሸጥ ባየሁ ቁጥር ያ ምሬት ምላሴ ላይ ይመጣል። ከእሱም ጋር የንፋስ መውጫ ብርድ፣ ከትምህርት ቤታችን ጓሮ ያለው ምንጭ፣ ጋሽ ደምሴም ይመጡብኛል።

ጋሽ ደምሴ የሁለተኛ ክፍል አስተማሪያችን ነበሩ። ጠዋት ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ ሰልፋችንን ሳንፈታ «ጥርስ!» ይላሉ። እኛም በብርድ እየተንቀጠቀጥን ገልፈጥ እንላለን። ያልፋቀ ልጅ ወይራውን ይዞ ወደ ምንጩ ይላካል። ፍቆ፣ በዚያ አጥንት በሚሰብር ውሃ ተጉመጥምጦ ካልተመለሰ ክፍል አይገባም። «የቄስም ልጅ ሆነ የጭቃ ሹም ልጅ፣ ጥርሱ ያው ጥርስ ነው» ይሉ ነበር።

ሁዳዴ ሲገባ ጉድ ፈላ። የመፋቂያ ምራቅ መዋጥ ጾም ያስገድፋል የሚል ወሬ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ክፍሉ ውስጥ ሁላችንም እንትፍ እንትፍ ስንል ወለሉ ጨቀየ። ጋሽ ደምሴ ቢቸግራቸው «ዋጡት፣ ኃጢአቱ በእኔ ይሁን!» ብለው ጮኹ። አንድ ልጅ እንኳ አልዋጠም።

በዚያው ጾም እናቴ ታማ ነበር። ከጥምቀት ወዲህ ከመደብ አልተነሳችም። ለወሩ ማርያም ግን ከእኔ ጋር መቁረብ አማራት። «ልጄን ይዤ ልቁረብና እሱ የፈቀደው ይሁን» ብላ አባቴን ለመነችው። በሁዳዴ የሚቀደሰው ከሰዓት በኋላ ነውና አባቴ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ሲልከኝ «ጠብታ ውሃ በአፍሽ እንዳይገባ» ብሎ አስጠነቀቀኝ። ውሃ ከነካኝ እናቴ ብቻዋን ልትቆርብ ነው።

ሰልፍ ላይ ጋሽ ደምሴ ፊቴ ቆሙ። ያልተፋቀ ጥርሴን አዩና በጣታቸው ወደ ምንጩ ጠቆሙኝ። እንደ እሳት ነበር የምንፈራቸው፤ እግሬ ግን አልንቀሳቀስም አለ።

«ምን ይገትርሻል?»

«ዛሬ ቆራቢ ነኝ፣ ጋሼ። እማዬ ታማለች። አብረን ነው።»

ጋሽ ደምሴ ጎንበስ ብለው የነጠላዬን ጫፍ ጣታቸው ላይ ጠቀለሉና በደረቁ ጥርሴን አንድ በአንድ ወለወሉልኝ።

«በይ ግቢ» አሉኝ፤ «ለእኔም ጸልዪልኝ።»

ከቅዳሴ ስንመለስ ይህን ለእናቴ ነገርኳት። በቅሎ ላይ ሆና፣ እንደ ቆራቢ ወግ አፏን በነጠላ ሸፍና ነበር። ስትስቅ ነጠላው ሸርተት አለና የተነቀሰው ጥቁር ድዷና ነጭ ጥርሷ ታየኝ። ጥርስ ባዳ ነው ይባላል፤ የእሷ ሳቅ ግን የዚያን ቀን ከሆዷ ነበር። ለፋሲካ አልደረሰችም።

ዛሬ የልጅ ልጆቼ በሚጣፍጥ የጥርስ ሳሙና ይቦርሻሉ፤ በብርድ የሚያሰልፋቸው የለም። እሰየው ነው። እኔ ግን ያ ብርድ፣ ያ ምሬት፣ ያ ሳቅ ይናፍቀኛል። በምቆርብበት ቀን ጠዋት የነጠላዬን ጫፍ ጣቴ ላይ ጠቅልዬ የቀሩኝን ጥቂት ጥርሶች በደረቁ እወለውላለሁ። እናቴን በዕድሜ እጥፍ በልጫታለሁ። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ግን አሁንም አብረን ነን።