ሥጋ ቆራጩ ለልጁ ሲመዝን

ሲሳይ ቢላዋውን ጥሎ ከባንኮው ጀርባ ዘሎ ወጣ። ልጅቱ የሉካንዳው ሲሚንቶ ላይ ወድቃ ትንቀጠቀጣለች። በጎኗ አስተኛት፤ ነጭ ጋዋኑን አውልቆ ከጭንቅላቷ ሥር ጎዘጎዘው።

«ክብሪት! ክብሪት የያዘ የለም?» አለ ሥጋ ሊገዛ የቆመው ሰለሞን፣ ኪሱን እየዳበሰ። «ጭሮ ማሽተት ነው!»

«ተው። ክብሪት አያስፈልጋትም።»

«ኧረ ያነቃታል፣ አንተ ሰው!»

«ተው አልኩህ! አፏንም እንዳትነካት። ይልቅ ዞር በልላትና አየር ይግባ።»

ሰለሞን ዞር አለ። የመርሳ ገበያ ቀን ስለነበር በሩ ላይ ሰው ተሰበሰበ። አንዲት እናት አማተቡ፤ ሌላው ከንፈሩን መጠጠ። ሲሳይ ማንንም አላየም። የሚያየው የልጁን ደረት ነበር፤ ሲወጣና ሲወርድ።

መንቀጥቀጡ ቀስ በቀስ ረገበ። ሊዲያ ዓይኗን ገለጠች፣ ጣሪያውን አየች፣ ቀጥላ አባቷን አየች።

«አባዬ፣ ተመልሶ መጣ?»

«አብሽሪ የኔ እናት» አላት።

ሊዲያ ስምንት ዓመቷ ነው። የሚጥል በሽታው የያዛት ገና ፊደል ስትቆጥር ነበር። ኪኒን ተሰጣት፤ ኪኒኑ ተቀየረ፤ ሌላ ተጨመረበት። ጸበልም ተጠመቀች። ይቀንስላትና ይመለሳል። ሁለተኛ ክፍል እንደገባች በዕረፍት ሰዓት ከደረጃ ላይ ወድቃ ግንባሯ ተሰነጠቀ። ርእሰ መምህሩ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ፈርተው ነው። «እስኪሻላት ቤት ትቆይ» አሉ።

በኅዳር የወልድያው ሐኪም ሔለን ወደምትባል የሥነ ምግብ ባለሙያ መራቸው። ሔለን በጥሞና አስረዳቻቸው። አንዳንድ ልጆች ላይ መድኃኒት ያቃተውን መውደቅ ምግብ ይገታዋል። እንጀራ፣ ዳቦ፣ ድንችና ስኳር ከልጅቱ ገበታ ይነሣሉ። በቦታቸው ቅቤ፣ ጮማ፣ እንቁላል፣ አቮካዶና ጎመን ይገባሉ። ሰውነቷ በስኳር ፋንታ ስብ ማንደድ ይለምዳል። ኪኒኑ አይቋረጥም። ምግቡ ሁሉ ይመዘናል።

የሊዲያ እናት ጥሩወርቅ መጀመሪያ የተቀለደባት መስሏት ነበር። «ኪኒን ያልቻለውን ቅቤ?» አለች። ግን ጀመረች። ማንጎ እንደ ድንጋይ በየአጥሩ ሥር በሚወድቅበት አገር ልጇን ከማንጎ ከለከለች። ትንሿን ሚዛን ከምድጃው አጠገብ አስቀምጣ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ መዘነች። ሊዲያ በቀን ሁለቴ ትወድቅ የነበረችው በሳምንት አንዴ ሆነ። በታኅሣሥ አጋማሽ ጨርሶ ቀረ። ርእሰ መምህሩ በቃ ትመለስ ብለው ቀን ቆርጠው ነበር። ሉካንዳው ውስጥ የወደቀችው ያ ቀን ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ነው።

«እስከ ፋሲካ እንይ» አሉ ርእሰ መምህሩ። «ያን ድረስ ካልወደቀች እኔ ራሴ እቀበላታለሁ። ከወደቀች ግን ለሌሎቹም ልጆች ማሰብ አለብኝ።»

መንገዱ በዚያ ሳምንት ክፍት ነበር። ሦስቱም በሚኒባስ ወልድያ ሄዱ፤ ከመናኸሪያ በባጃጅ ሔለን ዘንድ ደረሱ።

ሔለን የልጅቱን ሽንት በወረቀት ለካች። ወረቀቱ ስቡ በደንብ ሲነድ ወይን ጠጅ ይመስላል። ይሄኛው ግን ገርጥቷል።

«ቤት ስትለኩ ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነው?»

«ከገና ወዲህ ነው» አለች ጥሩወርቅ። «ወረቀቱ የተበላሸ መስሎኝ።»

«ዳቦ? ጸበል ጻዲቅ? ከረሜላ?»

«እኔ ፊት አልቀመሰችም። ማኅበር ስሄድ እንኳን ምግቧን ቋጥሬ ነው።»

ሔለን እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ወደ ሲሳይ ዞረች።

«አቶ ሲሳይ፣ ሉካንዳው በነቢያት ጾም ዝግ ነበር?»

«በጾም ማን ሥጋ ይገዛል? ዝግ ነው እንጂ።»

«መቼ ከፈቱ?»

«የገና ዕለት።»

«ሊዲያ እርስዎ ጋ ትመጣለች?»

«ከሰዓት ከሰዓት እኔው ጋ ናት። ትምህርት የላት፣ ምን ታድርግ።»

«ምን ይሰጧታል?»

«እኔ? ምንም አልሰጣትም። ሥጋ ብቻ።»

ጥሩወርቅ ቀስ ብላ አንገቷን አዞረች። «ሥጋ ብቻ?»

«ምንድን ነው እንዲህ የምታዪኝ? እንጀራ የለው፣ ዳቦ የለው። ጥብስ ነው። ደግሞ ምርጡን፤ ጮማ የማይነካው ቀይ ሥጋ።»

«ምን ያህል?» አለች ሔለን።

ሲሳይ እጁን ዘርግቶ መዳፉን አየ። ያ እጅ ሃያ ዓመት ሥጋ ሲያነሣና ሲጥል የኖረ ነው። «መቶ ግራም ይሆናል። ቢያንስ ነው።»

«ለቀኑ ሙሉ የማዝላት ሥጋ ከዚያ ያነሰ ነው።»

ሊዲያ ከወንበሩ ላይ እግሮቿን ታወዛውዛለች።

«ይስሙኝ» አለች ሔለን፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ጮማውና ቀዩ አንድ አይደሉም። ጮማው ማገዶዋ ነው። ቀዩ አካሏን ይሠራል፤ እንድታድግ የግድ ያስፈልጋታል፣ ግን በልኩ። ከልኩ ሲያልፍ ሰውነቷ ትርፉን ወደ ስኳር ይለውጠዋል። ያኔ ስቡን ማንደድ ያቆማል። እንጀራውን ከደጅ መልሰን ስናበቃ በጓሮ እንዳስገባነው ነው።»

«ሥጋ… ስኳር ይሆናል?»

«ሲበዛ፣ አዎ።»



በሚኒባሱ ውስጥ ጥሩወርቅ አልተቆጣችውም። ብትቆጣው ይቀለው ነበር። መርሳ ሊገቡ ሲሉ ሊዲያ በእናቷ ጭን ላይ እንደተኛች፣

«ልትነግረኝ አይገባም ነበር?» አለችው በሹክሹክታ።

«ሥጋ ምን ይነገራል ብዬ።»

«እኔ ቅቤውን በማንኪያ ጠርዝ እየጠረግሁ ስመዝን እያየህ!»

«ጥሩዬ፣ እሱ እኮ ምርቃት ነው። ምርቃት አይቆጠርም።»

እውነቱን ነው። በሲሳይ ቤት ምርቃት ተቆጥሮ አያውቅም። ኪሎው ከሞላ በኋላ ከላይ ጣል የምትደረገው ቁራጭ ናት። ሉካንዳውን ያወረሱት አባቱ፣ «ኪሎ የገዢው ሐቅ ነው፤ ምርቃት ግን ያንተ ሰው መሆን ነው» ይሉት ነበር። ማንንም ሳይመርቅለት ሸኝቶ አያውቅም። ሕፃን ተልኮ ሲመጣ ሁለቴ ይመርቃል። ለገዛ ልጁ ሥጋ ሚዛን ላይ መጫን ደግሞ ከንፉግነትም የባሰ ነገር ይመስለው ነበር።

በማግስቱ ሊዲያ እንደ ልማዷ መጥታ ባንኮው ሥር ቆመች። ሲሳይ ምድጃውን አላራገበም።

«ዛሬ የለም የኔ እናት።»

«አለ። ያው ተሰቅሏል።»

ሰለሞን ከኋላ ሳቀ። «ለልጅህ እንዲህ የጨከንክ ለእኔማ አጥንት ልትሸጥልኝ ነው!»

«አንተን አጥንትም አይጎዳህም» አለ ሲሳይ። ፊቱ ግን አልሳቀም። ሥጋውን መዘነለት፤ ሳያስበው መረቀለት፤ ያን ጊዜ የልጁ ዓይን ቁራጯን ተከትሎ ፌስታል ውስጥ ሲገባ አየ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከሰዓት በኋላ ቤት እንድትውል አደረገ።

ጥቂት ቆይቶ ዓቢይ ጾም ገባ፤ ሉካንዳው ተዘጋ። የንስሐ አባታቸው መምሬ ሀይሉ አስቀድመው ተጠይቀው፣ «መድኃኒቷ ነው፤ ትብላ። ጾሙን እናንተ ጹሙላት» ብለው ነበር። በቤቱ ጥሬ ሥጋም ጥብስም የለም። እንቁላልና ቅቤ ግን የግድ ነው። የዚያን ዓመት ረመዳንም ከዓቢይ ጾም ጋር ገጥሞ ስለነበር ቅቤና እንቁላል የምትሸጠው ጎረቤታቸው ሳሚራ ሳቋን መቻል አቃታት።

«እኔ ጾመኛ፣ አንተ ጾመኛ» አለችው ቅቤውን ስትሰጠው። «ሻጩም አይቀምስ፣ ገዢውም አይቀምስ! የመርሳን ቅቤ አንዲት ሊዲያ ብቻዋን ልትጨርሰው ነው።»

«ትጨርሰው ብቻ።»

«አብሽር፣ አላህ ያሽራታል። ይቺን እንቁላል ደግሞ ከእኔ ጨምርላት።»

«አይሆንም ሳሚራ። ጭማሪ አይቻልም።»

ሳሚራ እንቁላሉን እንደያዘች ቀረች። ሲሳይ ምርቃት ሲመልስ ከዚያ በፊት ያየ የለም።

ሥራ የፈታው ሲሳይ የልጁን ምግብ መመዘን ከሚስቱ ተረከበ። እንቁላሉን ሰብሮ ይመዝናል። ቅቤውን ይመዝናል። አቮካዶውን ልጦ ፍሬውን አውጥቶ ይመዝናል። ጎመኑን ይቆነጥራል። ጾመኛ ነውና ጣቱ ላይ የቀረውን ቅቤ ወደ መጥበሻው በማንኪያ ይጠርገዋል፤ ታጥቦ ይመለሳል። እሱና ጥሩወርቅ በኑግ ዘይት የተሠራ ሽሮ ይበላሉ። ሊዲያ ከጎናቸው በራሷ ሳህን በቅቤ የሚዋኝ እንቁላሏን ትበላለች። ወረቀቱ ደምቆ ወይን ጠጅ መሰለ።

ምግቡ ግን ያንገፈግፋት ጀመር። አንድ ቀን ቀትር ላይ ሳህኗን ጨርሳ አየችው።

«አባዬ፣ መርቅልኝ።»

«የለም።»

«ትንሽዬ።»

«ትንሽዬም የለም።»

«ለሰለሞን ትመርቅለት የለ?»

«ሰለሞን አይወድቅም» አላት ሲሳይ።

ከአፉ ከወጣ በኋላ ለራሱም ጆሮ ከበደው። ሊዲያ አላለቀሰችም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ማታ እንቁላሉን አልነካችም። ጠዋትም አልነካችም። ቅቤው ሳህኑ ላይ ረግቶ ነጣ። ጥሩወርቅ ለመነቻት፣ አባበለቻት፣ ቆጣችም። ሔለን ስልክ ላይ ጉዳዩን ሰምታ፣ «አስገድደው አያጉርሷት፤ ግን በቶሎ መብላት አለባት። እስከ ነገ እምቢ ካለች ይዛችኋት ኑ፤ ምግቡን ማቆም ሊኖርብን ይችላል» አለች። ምግቡ ቆመ ማለት ትምህርት ቤቱም ቀረ ማለት ነበር።

ሲሳይ የተዘጋው ሉካንዳ ደጃፍ ሄዶ ተቀመጠ። ምን ሊሠራ እንደሄደ አያውቅም። በሩን ከፍቶ የደረቀውን መቁረጫ ግንድ ነካካ፤ ዘጋና ተመለሰ።

ቤት ሲገባ ጥሩወርቅ የቀትሩን ምግብ መዝና ጨርሳለች። ሳህኑን ሳታነሣ አንዲት የአቮካዶ ቁራጭ ከላዩ ወሰደች፤ ከተጠበሰው እንቁላል ላይ ቆርሳ ቅቤው እንዳለ ከላይዋ ደረበችባት። በሌላ ሳህን አድርጋ ወደ ባሏ ገፋችው።

«ይቺ ያንተ ናት።»

«እኔ ጾመኛ ነኝ።»

«ብላ ማን አለህ? ለማጉረስ ነው። እኔ የጎደለውን አቀርብላታለሁ። ስትጨርስ አንተ ትመርቃለህ። ሲደመር ያው የሔለን ልክ ነው።»

ሲሳይ ሁለቱን ሳህን እያፈራረቀ አየ። ሃያ ዓመት ኪሎ ሞልቶ ከላይ ሲጨምር ኖሯል። ከልኩ ላይ ቀንሶ መመረቅ በንግድ ሌብነት ይባላል።

«ይሄ እኮ ማታለል ነው።»

«እሺ ጋሼ፤ አታታልላት፤ ጾሟን ትዋል።»

ሊዲያ ተጠርታ መጣች። ሳህኑን አላየችም። ሲሳይ መሬት ላይ ከጎኗ ተቀመጠ።

«የትናንቱን ተሳስቼ ነው የተናገርኩት» አላት። «ብይ። ከጨረስሽ እመርቅልሻለሁ።»

ቀና ብላ አየችው። «እውነት?»

«ቃሌ ነው።»

በላች። ቀስ ብላ፣ እየተንገፈገፈች፣ በላች። ሳህኑ ባዶ ሲሆን ሲሳይ እጁን ታጥቦ ቁራጯን አነሣ። ሊዲያ ግን አፏን አልከፈተችም። አይታ፣ አይታ፣

«አባዬ፣ ይቺ ከሳህኔ ላይ ናት አይደል?»

ሲሳይ ሊዋሽ ፈለገ። የተቆረሰውን እንቁላል ልጅቱ እንዴት እንደምታየው አየ፤ እንደ እሱ ነው የምታየው፤ በዓይኗ ትመዝናለች።

«አዎ» አላት። «ካንቺው ላይ ነው የቀነስነው። ከዚያ በላይ የሚጥልሽ ስለሆነ ነው እንጂ ሉካንዳውን በሙሉ ብመርቅልሽ ደስ ይለኛል።»

ሊዲያ አሰበችበት።

«ነገም ትመርቅልኛለህ?»

«ነገም።»

«እሺ» አለችና አፏን ከፈተች። ቅቤው በአገጯ ወረደ፤ ሲሳይ በአውራ ጣቱ ጠርጎ መልሶ አጎረሳት።

ሊዲያ ከፋሲካ በኋላ ትምህርት ቤት ተመለሰች። በግንቦት አንድ ጊዜ ወደቀች፤ ርእሰ መምህሩ ግን ቤት ትቆይ አላሉም። ብዙ ትምህርት ስላመለጣት በቀጣዩ ዓመት ሁለተኛ ክፍልን ደገመች።